የፓኪስታን ክሪኬትን ቁልፍ ቢሰጧችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ በእረፍት ቀን ገና ፀሃዩ ሳይከር ባዶ ቦታ የተባለ ሁሉ በፓኪስታኖች ይሞላል፣ የቴኒስ ኳስ ላይ ናስትሮ ጥብቅ አርገው ይጠቀልላሉ፣ የለስላሳ ሳጥን ይገትሩና ዊኬት ነው ይላሉ፣ በቃ ጨዋታው ተጀመረ። ቴፕ ቦል ነው ስሙ፣ ካራቺ መንገድ ላይ የተወለደ ነገር ነው፣ ናስትሮው ኳሱን ያከብደዋል ያፈጥነዋል፣ አንድ ጎኑን ብቻ ከጠቀለሉት ደሞ አየር ላይ ይታጠፋል። እኔ ከነሱ ጋ ስቶር ውስጥ ስሰራ ሳልወድ በግዴ ነው ክሪኬት የለመድኩት፣ አሁን ግን ከነሱ ብሻለሁ።

በፌብሯሪ 2025 (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፓኪስታን ከ1996 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ የአይሲሲ (የአለም ክሪኬት ማህበሩ) ውድድር አዘጋጀች፣ ቻምፒየንስ ትሮፊን። ስታዲየም ታደሰ ምናምን፣ ከዛ ካራቺ ላይ በኒውዚላንድ ተሸነፉ፣ እዚሁ ዱባይ መጥተው በህንድ ተሸነፉ፣ የባንግላዴሹን ጨዋታ ዝናብ በላው፣ አንድም ሳያሸንፉ ወጡ። በማግስቱ ስቶር ውስጥ ሻይ የያዘ ሁሉ የክሪኬት ሊቅ ሆኖ ዋለ፣ አሰልጣኙ ይባረር፣ ካፒቴኑ ይውረድ፣ ኮከቡ መቺ ባባር አዛም ይውጣ። እኔ ደሞ ኧረ ይሄን ሁሉማ ሞክራችሁታል እኮ አልኳቸው። እና ቁልፉን ቢሰጡኝ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን አደራ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ከሶስተኛው ይጀምርና ነው የሚበላሸው።

መጀመሪያ ወንበሩን ቸንክሩት።

የፓኪስታን ክሪኬት ቦርድ፣ ፒሲቢ የሚሉት፣ የበላይ ጠባቂው የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። በ2014ቱ ደንብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁለት ሰው ወደ ቦርዱ ይልካል፣ ሊቀመንበሩ በተለምዶ ከነዚህ ከሁለቱ ይመረጣል፣ ያው ምርጫ ይባላል እንጂ ቀድሞ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየር ሊቀመንበርም ይቀየራል። ኢምራን ካን በኤፕሪል 2022 ከስልጣን ወረደ፣ እሱ ያመጣው ራሚዝ ራጃ ዲሴምበር ላይ ተነሳ፣ ናጃም ሴቲ ገባ፣ 2023 አጋማሽ ላይ እሱም ወጣና ዛካ አሽራፍ ገባ፣ እሱም ሄደ፣ ፌብሯሪ 2024 ላይ ሞህሲን ናቅቪ ገባ። ቁጠሩት፣ በ14 ወር ውስጥ አራት ሰው ወንበሩ ላይ አለፈ። ናቅቪ ደሞ ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ፣ ሁለቱንም ይዞ ቀጠለ፣ ፖሊስም ክሪኬትም ባንድ ጠረጴዛ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፣ እዚህ ቤት ግን የሚበላው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ስም ነው። የመጣው ሁሉ ጊዜው አጭር እንደሆነ ስለሚያውቅ ቶሎ የሚታይ ነገር ይፈልጋል፣ አዲስ ውድድር፣ አዲስ ካፒቴን፣ አዲስ ሎጎ። አስር አመት ቆይቶ የሚያፈራ ነገር ለምን ብሎ ይተክላል?

እና ምን ታደርጋላችሁ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰው የሚልክበትን አንቀጽ ታወጡታላችሁ። በምትኩ እጩዎችን የሚያጣራ ገለልተኛ ኮሚቴ፣ የቀድሞ ካፒቴኖች ይኑሩበት፣ ኦዲተር ይኑርበት፣ የህግ ሰው ይኑርበት። ዘመኑ አራት አመት ይሁን፣ ከፓርላማ ምርጫው ጋ እንዳይገጥም አርጉት፣ ሶስት አራተኛው የቦርድ አባል ምክንያቱን በጽሁፍ ሰጥቶ ካልሆነ አይነሳ፣ የመንግስት ስልጣን ያለው ሰው አይግባበት። ህልም ነው የሚል ካለ ጎረቤት ህንድን ይይ፣ በ2016 የክሪኬት ቦርዱን አሰራር ያጠናውን የሎዳ ኮሚቴን ሃሳብ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሲቀበል ሚኒስትርና የመንግስት ሰራተኛ የክሪኬት ቦርድ ሃላፊ መሆን አይችልም ተባለ፣ ከ70 አመት በላይም እንደዛው። ህንድ ላይ ፖለቲካው ጠፋ ወይ፣ አልጠፋም፣ ግን መንግስት በተቀየረ ቁጥር ቤቱ አይፈርስም።

አንድ ጥንቃቄ አለ እዚህ ጋ። ይሄን በመንግስት አዋጅ ባንዴ አታርጉት፣ አይሲሲ የመንግስት ጣልቃ ገብነት ብሎ ያግዳችኋል፣ ዚምባብዌን በ2019፣ ስሪላንካን በኖቬምበር 2023 አግዷል። ቦርዱ ራሱ በራሱ ጉባኤ ይወስን፣ መንግስት እሺ ብሎ እጁን ያንሳ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምን እሺ ይላል ካላችሁ፣ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር እሱም አብሮ ይሰደባል እኮ፣ ከዛ መገላገል ራሱ ትርፍ ነው። (የኛን ሀገር የስፖርት ፌዴሬሽን ምርጫ ተከታትሎ የሚያውቅ ሰው ይሄ ሁሉ ብዙም አዲስ አይሆንበትም።)

ሁለተኛው አጭር ነው፣ ሊቀመንበሩ ከልብስ መቀየሪያ ክፍል ይውጣ። ጌሪ ከርስተንን፣ ህንድን የ2011 የአለም ዋንጫ ያሸለመውን ሰውዬ፣ በኤፕሪል 2024 ቀጠሩት፣ ኦክቶበር ላይ አንድ የ50 ኦቨር (ባንድ ቀን የሚያልቀው) ጨዋታ እንኳን ሳያሰለጥን ለቆ ሄደ። ጄሰን ጊለስፒ የቴስቱ (የአምስት ቀኑ ጨዋታ) አሰልጣኝ ነበር፣ ዲሴምበር ላይ እሱም ሄደ። ሻሂን አፍሪዲ የቲ20 (የአጭሩ ጨዋታ) ካፒቴን ሆኖ አምስት ጨዋታ መራ፣ አምስት ብቻ፣ ከዛ ባባር ተመለሰ፣ ከወራት በኋላ ባባርም ለቀቀ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ነገሩ። አውስትራሊያዎች በ2010/11 በሜዳቸው በእንግሊዝ 3 ለ 1 ሲሸነፉ ያደረጉት ሌላ ነው፣ ዶን አርገስ የሚባል የባንክ ሰው አስቀምጠው ስርአቱን አስመረመሩ፣ ከዛ ለብሄራዊ ቡድኑ ውጤት ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው ይኑር ብለው አዲስ የስራ መደብ ፈጠሩ። እናንተም አንድ የክሪኬት ዳይሬክተር ቅጠሩ፣ ማን ተጫዋች እንደሚመርጥ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ፣ አሰልጣኙ የመረጣ ድምጽ ይኑረው፣ ሊቀመንበሩ ቲቪ ላይ ስለ ተጫዋች አይናገር። አለቀ።

አሁን ወደ ሶስተኛውና ዋናው ነገር፣ ወደ ሀገር ውስጡ ውድድር።

ትልቁ የሀገር ውስጥ ውድድር ቃይደ አዛም ትሮፊ ይባላል፣ ከ1953 ጀምሮ አለ፣ አንዱ ግጥሚያ አራት ቀን ይፈጃል፣ ለቴስት የሚሆን ተጫዋች የሚበስለው እዛ ነው። እስከ 2019 ድረስ 16 ቡድን ነበር፣ ግማሹ የክልል፣ ግማሹ የመስሪያ ቤት ቡድን፣ የባንክ፣ የጋዝ ድርጅት፣ የመብራት ሃይል እያለ ይሄዳል። የመስሪያ ቤቱን ነገር ያስፋፋው የቀድሞው ካፒቴን አብዱል ሃፊዝ ካርዳር ነው፣ በ1970ዎቹ፣ ሃሳቡም ቀላል ነበር፣ ተጫዋቹ ባንክ ይቀጠራል፣ ደሞዝ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ሲያቆም ወንበሩ ይጠብቀዋል። ኢምራን ካን ደሞ ሁሌ ይሄን ይጠላ ነበር፣ ባንክን የሚደግፍ ተመልካች የታለ፣ እንደ አውስትራሊያ ስድስት ጠንካራ ክልል ይሁን ይል ነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን አደረገው። በ2019 16ቱ 6 ሆኑ፣ የመስሪያ ቤት ቡድኖች ተዘጉ፣ በመቶ የሚቆጠር ተጫዋች ደሞዝ አጣ፣ አንድ የቀድሞ ፈርስት ክላስ (የዚሁ የትልቁ ደረጃ) ተጫዋች ካራቺ ላይ ፒክአፕ እየነዳ እቃ ሲያመላልስ የሚያሳይ ቪዲዮ ሀገሩን ሁሉ አስለቀሰ። ኢምራን ወረደ፣ መስሪያ ቤቶቹ ተመለሱ፣ በ2023 ክልሎቹ 8 ሆኑ፣ በ2024 18 ሆኑ፣ በዛው አመት በላዩ ላይ አምስት ቡድን ያለው ቻምፒየንስ ካፕ የሚባል ተጨመረ፣ ሜንተር ተብለው የቀድሞ ኮከቦች ተቀጠሩ፣ በ2025 ደሞ ቃይደ አዛም እንደገና 8።

16፣ 6፣ 8፣ 18፣ 8። የበር ቁጥር አይደለም፣ በስድስት ሰባት አመት ውስጥ የሆነ ነው።

ስቶር ውስጥ ክርክሩ ሁሌ ስድስት ይሻላል አስራ ስምንት ነው፣ አንዱ የላሆር ልጅ ነው ስድስት ይላል፣ አንዱ ከፔሻዋር ወዲያ ካለ መንደር ነው፣ ስድስት ከሆነ የኛን ልጅ ማን ያየዋል ይላል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። አውስትራሊያ ስድስት ቡድን የሚበቃት ህዝቧ 27 ሚሊዮን አካባቢ ስለሆነ ነው፣ ይሄ ከ240 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ነው። እኔ ብሆን ላይኛውን 8 አርጌ፣ ከስሩ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 10 ቡድን አስቀምጬ፣ በየአመቱ ሁለት ይውጣ ሁለት ይውረድ እላለሁ፣ መስሪያ ቤቶቹን ደሞ ቡድን አርጌ ሳይሆን ቀጣሪ አርጌ ነው የምመልሳቸው። ማለትም ባንኩ የፔሻዋርን ቡድን ይዞ 15 ተጫዋች ይቅጠር፣ ማሊያው ላይ ስሙ ይጻፍ፣ ከታክስ ላይ የሆነ ነገር ይቀነስለት፣ ተጫዋቹ ሲያቆም ቅርንጫፍ ውስጥ ስራ ይኑረው። የካርዳርን ደሞዝና የኢምራንን ክልል ባንድ ላይ መስፋት ነው እንጂ አንዱን ቀዶ መጣል ምን የሚሉት ነው።

ግን ስሙኝ፣ ቁጥሩ ሁለተኛ ነገር ነው። 8ም ይሁን 12 አምስት አመት እንዳይነካ ደንቡ ላይ ይጻፍ። መጥፎ ስርአት አምስት አመት ከቆየ ሰው ይለምደዋል፣ አሰልጣኞች ዙሪያውን ይሰሩበታል፣ ጥሩ ስርአት በአመቱ ከተነቀለ ግን ምንም የለም።

ተጫዋቹን ደሞ ክፈሉት። በ2025 መጀመሪያ ላይ ለሀገር ውስጡ ቲ20 የሚከፈለው የጨዋታ ክፍያ ከ40,000 ሩፒ ወደ 10,000 ወረደ ተባለ፣ ጩኸት ሲበዛ እንደገና ይታይ ተባለ። ስታዲየም በቢሊዮን እያደሱ እኮ ነው ይሄ! ቦርዱ ከአይሲሲ ገቢ ወደ 5.75 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሰዋል ተብሎ ነው የተዘገበው፣ የህንድ 38.5 ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለ8 ቡድን ደሞዝ በደንብ ይበቃል። ከዛ ገንዘብ ላይ ለሀገር ውስጥ ተጫዋች የሚሄደውን ድርሻ በፐርሰንት ደንቡ ውስጥ አስሩት፣ ሊቀመንበሩ ሲከፋው እንዳይቀንሰው።

ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ ያለውን መሰላል አስተካክሉ። ካምራን ጉላም የሚባል ልጅ አለ፣ በ2020/21 ቃይደ አዛም ላይ 1,249 ራን (ነጥብ) አገባ፣ ባንድ ሲዝን እንደዛ ያገባ ከሱ በፊት አልነበረም። ቴስት የገባው መቼ ነው? ኦክቶበር 2024፣ በ29 አመቱ፣ ያውም ባባር ስለተቀነሰ፣ ገብቶ በመጀመሪያ ጨዋታው 118 አገባ። አራት አመት ሙሉ ምን ሲሰራ ነበር የሚለውን ጥያቄ መራጮቹ እንዲመልሱ ማስገደድ አለባችሁ፣ በየሲዝኑ መጨረሻ ከላይ ያሉት አምስት ባተር (መቺ) እና አምስት ቦውለር (ኳስ ወርዋሪ) ሌላ ሀገር ለሚሄደው ኤ ቡድን፣ ለሁለተኛው ብሄራዊ ቡድን፣ በቀጥታ ይያዙ፣ ያልተያዘ ካለ ለምን እንደሆነ በጽሁፍ ይውጣ።

ስለ ፒች፣ ኳሱ ስለሚነጥርበት መሬት፣ ደሞ ያው የሙልታን ከተማውን ታሪክ ልንገራችሁ። ኦክቶበር 2024 ላይ ፓኪስታን በእንግሊዝ ላይ መጀመሪያ 556 አገባች፣ ሰው ሁሉ ጨፈረ፣ ፒቹ ግን አስፋልት ነበር፣ እንግሊዝ በ7 ዊኬት (ሰባት መቺ ብቻ ወጥቶበት) 823 አገባ፣ ሃሪ ብሩክ ብቻውን 317፣ ፓኪስታን በኢኒንግና (ሁለቴ መትታ የእንግሊዝን የአንድ ተራ ውጤት ሳትደርስ) በ47 ራን ተሸነፈች። በመጀመሪያው ኢኒንግ 500 አልፎ በኢኒንግ የተሸነፈ ቡድን በቴስት ታሪክ ከዛ በፊት የለም። ከዛ መራጮቹ ተቀየሩ፣ ሁለተኛውን ቴስት እዛው ያረጀው ፒች ላይ አደረጉት፣ ራዋልፒንዲ ላይ ደሞ ትልልቅ ፋን ደርድረው መሬቱን አደረቁት፣ ኳስ እንደ እብድ ዞረ፣ ኖማን አሊ በ38 አመቱና ሳጂድ ካን በሁለት ጨዋታ ከ40 ዊኬት 39ኙን ወሰዱ፣ ተከታታዩን 2 ለ 1 አሸነፉ። ጓደኞቼ ስቶር ውስጥ ያለውን ፋን እየነካኩ አንድ ሳምንት ሳቁ። ጥሩ ብልሃት ነበር፣ ግን ፋን ስርአት አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሜዳ የፒች ሰራተኛውን ቦርዱ ራሱ ይቅጠረው፣ ከክልል ቡድኑ ትእዛዝ አይቀበል፣ ሲዝኑ ውስጥ አንዳንዱ ሜዳ ለስፒነር (ኳስ ለሚያዞረው) አንዳንዱ ለፈጣን ቦውለር እንዲሆን ይታቀድ፣ ኳሱም ቴስት ላይ የሚጠቀሙበት ራሱ ይሁን።

ክለቦቹን አትርሱ፣ የክልል ማህበር ምርጫ ላይ ድምጽ ያለው ክለብ ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ፣ ለድምጽ የተመዘገበ ክለብ ይበዛል ብለው ሁሌ ያማርራሉ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ በአመት ይሄን ያህል ጨዋታ ስኮርካርዱን ኦንላይን ያላስገባ ክለብ ድምጽ የለውም። ቴፕ ቦል የሚጫወተውን ልጅ በጠንካራው ኳስ የሚሞክር ሰው ደሞ ክለብ ላይ ካልተገኘ የትም አይገኝም።

የመጨረሻው ስራ አሰልቺ ነው ግን እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማደርገው፣ የሶስት አመት ፕሮግራም አትሙ። ቃይደ አዛም መቼ ይጀምራል፣ የቲ20 ሊጉ ፒኤስኤል መቼ ነው፣ ኤ ቡድኑ የት ይሄዳል፣ ከቀን ጋ። ይሄን ለፔሻዋሩ ጓደኛዬ ነግሬው ነበር፣ ናስትሮውን በጥርሱ እየቆረጠ ሰማኝና፣ የሶስት አመት? አለኝ፣ የወንድሜ ልጅ አካዳሚ ገብቶ የዚህን ወር ፕሮግራም እስካሁን አላገኘም አለኝ፣ ከዛ ኳሱን ወርውሮልኝ አንተ ዛሬ ቦውል ታደርጋለህ ብሎ ሄደ።