የሞገድ ልኬትን ወደሚጠቅም ቁጥር እንዴት እንለውጣለን?

ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የመለኪያ ቡይ በየሰከንዱ፣ አንዳንዱም በሰከንድ ሁለቴ፣ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል። ዓሣ አጥማጁ ግን የሚጠይቀው «ዛሬ ሞገዱ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ብቻ ነው። መልሱን ለማውጣት ኤክሴል ይበቃል።

መጀመሪያ የ20 ደቂቃ መዝገብ ይውሰዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡይ መረጃ ማዕከልም የሞገድ ከፍታን የሚያሰላው ከ20 ደቂቃ ልኬት ነው። በጣም ካጠረ ሞገዶቹ ያንሱብዎታል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ጠባዩን ይቀይራል።

ቀጥሎ ግራፍ ሠርተው በዓይንዎ ይዩት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። ብቻውን ዘልሎ የወጣ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያ ስህተት ነው፤ ያውጡት። እውነተኛ ሞገድ በተከታታይ ነጥቦች ይወጣል፣ ይወርዳል። «ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ ከሚያሳየው ልኬት) 5 እጥፍ ያለፈውን ሁሉ ሰርዝ» ብሎ ለኮምፒውተሩ መተው ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር፣ በኖርዌዩ ድራውፕነር የጋዝ መድረክ የተለካው ሞገድ ጫፉ 18.5 ሜትር ደርሷል። የዚያን ሰዓት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 3 ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ቢሄዱ ዝነኛው ሞገድ ቆሻሻ ተብሎ ይጣል ነበር!

አሁን አማካዩን ከእያንዳንዱ ቁጥር ይቀንሱ። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ያመጣውን ቀስ ያለ ለውጥም ያስወግዱ። ውሃው ዜሮን ወደ ላይ ከተሻገረበት ጀምሮ እንደገና ወደ ላይ እስኪሻገር ያለው አንድ ሞገድ ነው። ከጫፉ እስከ ዝቅተኛው ነጥብ ያለው ቁመቱ፣ የፈጀው ሰከንድ ደግሞ ፔሬዱ ነው።

ቁመቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርድሩ። 150 ሞገድ ካለ የላይኞቹን 50 ብቻ ወስደው አማካይ ያውጡ። የአየር ትንበያ «የሞገድ ከፍታ» የሚለው በአብዛኛው ይህንን ነው። 100ውን መተው ግር ሊል ይችላል፤ ግን ልምድ ያለው መርከበኛ በዓይኑ የሚገምተውም ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ለማረጋገጥ የመላውን መዝገብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በ4 ያባዙ። ውጤቱ ከላይ ቆጥረው ካገኙት አማካይ 5 በመቶ ገደማ ቢበልጥ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ወደ ግራፉ ይመለሱ።

ፔሬዱንም አብረው ይጻፉ። በ6 ሰከንድ የሚመጣ 2 ሜትር ሞገድና በ14 ሰከንድ የሚመጣው ለትንሽ ጀልባ አንድ አይደሉም። ከፍታውን በየትኛው መንገድ እንዳሰሉትም ያመልክቱ፤ አለዚያ ከሌላ ቡይ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም።