የማኅበራችሁን መኪኖች ወደ ኤሌክትሪክ ልታዞሩ ነው? ከመኪናው በፊት ቆጣሪውን እዩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት አራት ሚኒባስ ይዞ የሚሠራ ማኅበርም ሆነ የሠራተኛ ሰርቪስ ያለው ድርጅት ሰሞኑን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን መኪና እንግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ማታ የት ነው የሚያድረው? እዚያ ቦታ ያለው ቆጣሪ ስንት ይሸከማል? ይህን ሳይመልስ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ግቢ ውስጥ ያቆመዋል።

መጀመሪያ መንግሥት ምን እንዳለ በአጭሩ። በጥር 2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ዋናው ምክንያት የውጭ ምንዛሬ ነው። ነዳጁን በዶላር እንገዛዋለን፤ መብራቱ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዝ ነው የሚመጣው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ተጨምሮበታል። ከክልከላው ቀደም ብሎ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። ሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ ተባለ። ስለዚህ ዋጋ ስትደራደሩ መኪናው እዚህ የተገጣጠመ ነው ወይስ ከነሙሉ አካሉ የገባ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ያሳያችሁ። የቀረጡ ቅናሽ ለእናንተ ይድረስ እንጂ መሀል ላይ አይቅር።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ተራ የግድግዳ ሶኬት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ሊሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። 7 ኪሎዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ የተሰካውን መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያደርስላችኋል። ችግሩ ምንድን ነው? አራት መኪና አንድ ላይ ሲሰካ 28 ኪሎዋት ይሆናል፣ ይህንን ደግሞ የመኖሪያ ቤት ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ አይችለውም። የማውቀው አንድ ግቢ ውስጥ በቀጭን ማራዘሚያ ሁለት መኪና ሰክተው ሽቦው ሌሊት ቀልጦ ተገኝቷል፤ ዘበኛው ሽታው ቀስቅሶት ነው የተረፉት። እባካችሁ በዚህ ነገር አትቆጥቡ።

እንዲህ አድርጉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አመልክቱ። ስታመለክቱ የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ተጨማሪ ጭነት ይችል እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ቆጣሪው ተፈቅዶ ትራንስፎርመሩ ካልቻለ ጎረቤቱም እናንተም ጨለማ ውስጥ ነው የምትቀመጡት። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ኧርዝና ብሬከር ይግጠም። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው መኪና የሚታዘዘው።

ቀጥሎ መንገዱ። የእኛ አካባቢ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሸኖና በአለልቱ በኩል 130 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ ከባድ ዳገትም የለውም። ወደ ሸዋ ሮቢት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ትወርዳላችሁ። ስትወርዱ ደስ ይላል፤ እግራችሁን ከነዳጅ መርገጫው (ስሙ እስካሁን ያው ነው) ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ብዙ አይበላም። ጉዱ ያለው መልስ ጉዞው ላይ ነው። ሰው የጫነ 3 ቶን ሚኒባስን ያን ሁሉ ከፍታ ለማንሳት ብቻ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠፋል፣ የመንገዱ ፍጆታ ሳይቆጠር። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ሩብ ማለት ነው! በዚህ መስመር የምትሠሩ ከሆነ ሸዋ ሮቢት ላይ የምትሞሉበት ቦታ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ባትሪውን 100 ፐርሰንት ሞልታችሁ ወደ ታች አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 80 ፐርሰንት ይበቃል።

ሻጩ «በአንድ ሙሌት 400 ኪሎሜትር ይሄዳል» ካላችሁ እኔ 280 ብዬ ነው የምይዘው። ሻጩ የሚጠራው ቁጥር በቻይናው መለኪያ፣ ዳገት በሌለበት፣ በምቹ አየር የተለካ ነው። እዚህ ሰው ይጫናል፣ ዳገት አለ፣ ብርዱም አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ባትሪው ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቶሎ አይሞላም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መኪናው ከሥራ እንደገባ፣ ባትሪው ገና ሙቅ ሳለ ሰኩት። እስከ ሌሊት አታቆዩት።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። የባትሪው ዋስትና በዓመትም በኪሎሜትርም፤ የቻርጅ መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ይሁን የአውሮፓው ሲሲኤስ 2፤ የዳሽቦርዱ ቋንቋ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ እንደሚሰጣችሁ። ሁሉም መኪኖቻችሁ አንድ ዓይነት መሰኪያ ይኑራቸው። የተለያየ ከሆነ አንዱ ቻርጀር ሲበላሽ ሌላው አያድናችሁም።

ሁሉንም የናፍጣ መኪና ባንድ ጊዜ አትሽጡ፣ ይሄ የእኔ ጽኑ ምክር ነው። አንድ ኤሌክትሪክ ግዙና ከተማ ውስጥ ወይም በአጭር መስመር ለሦስት ወር አሰማሩት። ሹፌሩን ከስሌቱ አታውጡት፣ እንዲያውም ደብተር ስጡት። ጠዋት ሲወጣ ስንት ፐርሰንት ነበር፣ ስንት ኪሎሜትር ሄደ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ ማታ በስንት ገባ፣ ይጻፍ። ሚኒባስ በኪሎሜትር ከ0.2 እስከ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎማ ነፋሱን፣ ጭነቱንና አነዳዱን ተመልከቱ። በወሩ መጨረሻ የመብራት ክፍያችሁን ለኪሎሜትሩ አካፍሉትና ከናፍጣ ደረሰኛችሁ ጎን አስቀምጡት። ማደያ ሰልፍ ላይ ያለፈውን ሰዓትም ጻፉ፣ እሱም ገንዘብ ነው። ሁለተኛውን መኪና የምታዝዙት ከዚህ ደብተር ተነስታችሁ ነው።