በጀበና ዙሪያ ስለ ምክንያትና ነፃነት ወጣቶችን እንዴት እናወያይ?

ድሬዳዋ ላይ ወሬ የሚጥመው ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ ነውና ልጆቹን ከ11 ሰዓት በፊት አትጥሯቸው። እኔ ፈረንሳይኛን የለመድኩት ምድር ባቡር ውስጥ መዝገብ ስጽፍ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ከዚራ ሰፈር ግቢዬ ሰብስቤ ስለ ዘመነ አብርሆት፣ ማለት በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ምክንያትና ነፃነት ስለተሰበኩበት ጊዜ፣ እናወጋለን። በየሰፈራችሁ ይህን መጀመር ለምትፈልጉ፣ የሠራልኝን መንገድ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ከሁሉ በፊት ወላጆችን ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እናት ስጋት አንድ ነው፤ «ልጄን እምነቱን ታስጥለው ይሆን?» እኔ የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 የጻፈውን እነግራቸዋለሁ፦ እምነት የልብ ነገር ስለሆነ መንግሥት በሰይፍ ሊያስገባውም ሊያስወጣውም አይችልም። ሎክ ራሱ ይህን መብት ለካቶሊኮችና አምላክ የለም ለሚሉት መንፈጉንም አልደብቅም። ይህን ሲሰሙ ያምኑኛል።

በስምና በዓመት ድርደራ አትጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት ቮልቴር፣ ሩሶ፣ ካንት እያልኩ በዘመኑ ፈላስፎች ስም ሰሌዳ ሞላሁ፤ ልጆቹ ገልብጠው ሄዱ፣ አልተመለሱም። አሁን የምጀምረው ከቡናው ነው። ከኛ አገር ተነሥቶ በየመን በኩል የተሻገረው ቡና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ሲደርስ፣ አንዲት ፔኒ የከፈለ ሁሉ ቡና ቤት ገብቶ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ገበታ ይቀመጥ ነበር። ጋዜጣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የመንግሥት ነገር ይነሣል። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶቹ እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ፤ ተቃውሞው ስለበረታበት ሥራ ላይ ሳይውል ተወው። «ንጉሥ ቡናን ምን አስፈራው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝምም እናንተ አትመልሱላቸው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የዣን ካላስን ጉዳይ አንሡ። ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ካላስ የቱሉዝ፣ የፈረንሳይ ከተማ፣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እዚህ መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቅ እንዳለው ሰው አድርጋችሁ ሣሉት። ከተማው ካቶሊክ፣ እሱ ፕሮቴስታንት። በጥቅምት 1761 አንድ ምሽት የበኩር ልጁ ማርክ አንትዋን ከሱቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ደጅ ከተሰበሰበው ሰው መሃል «ካቶሊክ ሊሆን ስለነበር አባቱ ነው የገደለው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ቁረጡት። ወረቀት ስጧቸውና መሃሉን አስምረው በአንድ በኩል «የታየ»፣ በሌላው በኩል «የተባለ» ብለው ይጻፉ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ በ«የተባለ» ሥር ዘጠኝ ነገር ጻፈ፤ በ«የታየ» ሥር አስከሬኑን ብቻ። ወረቀቱን ሲያይ ቆይቶ «ስልካችን ላይ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ አይደል እንዴ?» አለ። ከዚያ ወዲያ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

ፍጻሜውን አሁን ንገሯቸው። ሽማግሌውን ካላስን አሠቃዩት፣ አላመነም፤ በመጋቢት 1762 አጥንቱን በአደባባይ ሰባብረው ገደሉት። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ነገሩን ሰምቶ ማስረጃ አሰባሰበ፣ ለሚያውቀው ባለሥልጣን ሁሉ ጻፈ፣ በ1763 ስለ መቻቻል መጽሐፍ አሳተመ። በ1765 ካላስ ንጹሕ ነበር ተብሎ ተፈረደ። በመሃሉ፣ በ1764፣ ቤካሪያ የሚባል የ26 ዓመት የሚላኖ ሰው ማሠቃየት እውነትን እንደማያወጣ ጻፈ፦ ጠንካራው ጥፋተኛ ችሎ ያመልጣል፣ ደካማው ንጹሕ ሕመሙን ሽሽት ያምናል። ይህን ብላችሁ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 19 አስነብቡ፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። አንቀጽ 20ም አለ፤ እስኪፈረድበት ድረስ ሰው ንጹሕ ነው። ልጆቹ አንቀጹን በቃላቸው ያውቁታል፣ ለፈተና አጥንተውታል። ስንት ሰው አጥንቱን ከፍሎበት እንደመጣ ግን የነገራቸው የለም።

ሥልጣን ይከፋፈል ላለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ለሞንቴስኪዩ ሦስት ወንበር ይበቃል። አንዱን ልጅ ሕግ አውጪም፣ አስፈጻሚም፣ ዳኛም አድርጉት፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግማሹን ጓደኞቹን ይቀጣል። ከዚያ ወንበሮቹን ለሦስት ሰው አከፋፍሉ። በ1748 የጻፈው መጽሐፍ ዋና ነገሩ ይኸው ነው።

አንዱን ቅዳሜ በእግር ወደ ባቡር ጣቢያው ውሰዷቸው። በ1902 የገባው ባቡር ይህችን ከተማ ፈጠራት፤ ከጨርቁና ከጨው ጋር ሐሳብም አብሮ ወረደ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በመጨረሻ ዕድሜው የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ነበር። የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ ግብሩ የታወቀ ይሁን ብሎ የጻፈ ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ አረፈ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። የፈረንጅ ሐሳብ ነው የሚል ልጅ ካለ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ቆማችሁ ስለሱ አውሩለት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ከባዱ ነው። የ1789ን የፈረንሳይ አብዮት የመብት መግለጫ አንቀጽ 1 አንብቡ፦ ሰዎች በመብት ነፃና እኩል ሆነው ይወለዳሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ማን ቀረ?» በዚያው ዘመን ፓሪስ ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ ነፃነት የሚከራከረው ሰው ከሚጠጣው ቡና ብዙውን የሚለቅሙት በሳን ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ በነበረችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ ያሉ ባሪያዎች ነበሩ። ይህን ስናገር ሲኒውን የሚያስቀምጥ ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። በነሐሴ 1791 እነዚያው ባሪያዎች ተነሡ። ፓሪስ በ1794 ባርነትን ሻረች፤ ናፖሊዮን ሊመልሰው የላከው ጦር በ1802 ደረሰ፣ ተሸነፈ፤ ጥር 1 ቀን 1804 ሃይቲ ነፃ አገር ሆነች። ያንን አንቀጽ ከጸሐፊዎቹ ይልቅ የምር የያዙት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በስተመጨረሻ የፈረንሳዊቷን ጸሐፊ የኦላምፕ ደ ጉዥን ነገር አንሡ። በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጻፈች፤ በ1793 አብዮተኞቹ በጊሎቲን አንገቷን ቆረጧት። እዚህ ላይ አብዮቱ ልጆቹን መብላቱ ይነሣል፤ ሽማግሌ ካለ ዝም ይላል። የኛንም አብዮት ያየ ነውና አትወትውቱት።

ዘንድሮ እዚህ ስንደርስ ስኒ እያጠበች የነበረች ልጅ እጇን ሳታደርቅ ተነሣች። «ጋሼ፣ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ቡና ያፈላነው እኛ ሴቶቹ ነን። ምክንያቱ ምንድነው?» ወንዶቹ እኔን አዩኝ። ምክንያት ፈለግኩ፣ አጣሁ፤ ማጣቴንም ነገርኳት። ያን ማታ በካርቶን ላይ የተራ ስም ጽፈን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጀበናው የኔ ነው።