«ካፒቴን ነው» አይበቃም፦ የኢንስትሩመንት በረራ አስተማሪ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

የበረራ አስተማሪ ስለሆንኩ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዱከም የሚኖር ወላጅ ሁሉ ስልኬን ያገኘ ይመስለኛል። ልጁ የግል አብራሪነት ላይሰንስ ይዟል፣ ውጭ አገር ሄዶ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ሊጨምር ነው። ጥያቄው ሁሌም «ስንት ይፈጃል?» ነው። «ማን ነው የሚያስተምረው?» ብሎ የጠየቀኝ እምብዛም የለም። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ማለት ደመና ውስጥ፣ ውጭውን ሳያዩ፣ መሣሪያ ብቻ አንብቦ ለመብረር የሚሰጥ ተጨማሪ ፈቃድ ነው። አስተማሪው ብቁ ካልሆነ ነገሩ ብር ማባከን ብቻ አይደለም።

«ካፒቴን ነው» ብሎ ዝም ማለት። ይሄኛው አናዶኛል። ካፒቴን የሥራ ደረጃ ነው። ሰውዬው ትልቅ አውሮፕላን በደመና ውስጥ ሲያመላልስ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ክብር ይገባዋል። ግን መብረር መቻልና ለማስተማር መፈቀድ ለየቅል ናቸው። ማስተማሪያ ፈቃድ ራሱን የቻለ ሥልጠናና ፈተና አለው። ኢንስትሩመንት ለማስተማር ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ይጨመራል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ሆኖም ይሉኝታ አፍ ይዘጋል።

አንድ የሰንዳፋ አባት «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ፊት ወረቀት አሳየኝ ይባላል እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያንን ቦታ ሲገዙ ካርታውን አላዩም?» አልኳቸው። «ማየት ብቻ? መሬት አስተዳደር ድረስ ሄጄ ነው ያጣራሁት!» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። ይኸው ነው። ካርታውን እዩ፣ ከሰጠው መሥሪያ ቤትም አጣሩ። እኔን ፈቃዴን የጠየቀኝ ተማሪ አስቀይሞኝ አያውቅም። ሲጠየቅ የሚቆጣ አስተማሪ ካጋጠማችሁ ግን መልሱን ሰጥቷችኋል።

የተሳሳተውን ካርድ ማንበብ። አሜሪካ ለመማር የምትሄዱ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። እዚያ አስተማሪ ሁለት ካርድ ይይዛል፤ አንዱ የአብራሪነት፣ ሌላው የአስተማሪነት። አብራሪነቱ ላይ «ኢንስትሩመንት ኤርፕሌን» የሚል ታያላችሁና ደስ ይላችኋል። ያ እሱ በኢንስትሩመንት መብረር ይችላል ማለት ብቻ ነው። ጽሑፉን መፈለግ ያለባችሁ በአስተማሪነቱ ካርድ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ለሬቲንጉ 40 ሰዓት የኢንስትሩመንት ልምምድ ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 15ቱን ያስተማረው ሰው ያ ጽሑፍ በአስተማሪነት ካርዱ ላይ ያለው መሆን አለበት። ከሌለው ከ15ቱ አይቆጠርም። ፈታኙ ደግሞ ሎግቡኩን (የበረራ ሰዓት መመዝገቢያ ደብተሩን) ከፍቶ ያያል። አንዲት ጎበዝ ልጅ ለፈተና ቀርባ፣ ብዙውን ሰዓት ያስተማራት ሰው ተራ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። እንደገና ከፍላ፣ እንደገና በረረች። የት እንደተማረች አልናገርም።

አውሮፓ ከሆነ አሠራሩ ይለያል። እዚያ ተራው አስተማሪ ኢንስትሩመንት እንዲያስተምር ቢያንስ 200 ሰዓት በኢንስትሩመንት ሕግ የበረረ መሆን አለበት። የአስተማሪነት ፈቃዱም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ «የየት አገር ፈቃድ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም።

በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ማመን። ፎቶ ይሠራል። ዋናውን ከመታወቂያው ጋር እዩ። የአሜሪካ ከሆነ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤታቸው በነፃ በስም የሚፈለግበት የኢንተርኔት መዝገብ አለው፤ ደቂቃ አይፈጅም። የኢትዮጵያ ፈቃድ ከሆነ ቦሌ ያለው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ። ከገላን ሩቅ አይደለም፤ የቃሊቲን መንገድ ብትታገሡ።

ቀኑን አለማየት። ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አሜሪካ በአዲስ የአስተማሪነት ካርዶች ላይ የማብቂያ ቀን መጻፍ ትታለች። ይህ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል ማለት አይደለም። አስተማሪው በየ24 ወሩ መሥፈርቱን ማሟላቱን ማሳየት አለበት። ካርዱ ዝም ካለ እሱን ጠይቁት።

ፈቃድ ኖሮት የዛገ አስተማሪ መያዝ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ሰውዬው ግን ደመና ከገባ ቆይቷል። በአሜሪካ ሕግ በኢንስትሩመንት የሚበር አዛዥ ባለፉት 6 ወራት ቢያንስ 6 አፕሮች (በመሣሪያ ወደ ማረፊያው መቅረብ) የሠራ፣ ሆልዲንግም (ተራ እየጠበቁ አየር ላይ መዞር) የተለማመደ መሆን አለበት። ሬቲንግ የሌለውን ተማሪ ይዞ ደመና የሚገባ አስተማሪ አዛዡ እሱ ነው፤ ስለዚህ ይህ ይመለከተዋል። ሜዲካሉም (የጤና ምርመራ ማረጋገጫው) መጠየቅ አለበት። ውጭውን እንዳታዩ በመከለያ ተሸፍናችሁ መሣሪያ ብቻ እያያችሁ ስትለማመዱ ውጭውን የሚያይላችሁ እሱ ብቻ ነውና።

የቤት ኮምፒውተርን ሥልጠና ማለት። አያት አካባቢ ተከራይተው፣ ሁለት ስክሪንና መሪ ገዝተው «የኢንስትሩመንት ሥልጠና» የሚሉ ልጆች አሉ። ልምምዱን እወደዋለሁ፣ ቀጥሉ። ግን ሰዓት አይቆጠርም። የሚቆጠረው መሣሪያው በመንግሥት ባለሥልጣን ሲፈቀድና የተፈቀደለት አስተማሪ ሲከታተለው ነው። ያም ጣሪያ አለው፦ በዓለም አቀፉ ደንብ ከሚፈለገው 40 ሰዓት ልምምድ በመሬት ላይ የሚሠራው ከ20 አይበልጥም፣ በሙሉ ሲሙሌተር ከሆነ እስከ 30።

ስለ ከፍታ አለመጠየቅ። ይህ በየትኛውም ካርድ ላይ አይጻፍም። ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻ ያስተማረ ጥሩ ሰው እኛ ጋ ሲመጣ ይደነግጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በስተሰሜን የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መሣሪያው 90 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ሲል እውነተኛው ፍጥነት ወደ 105 ይጠጋል። በ3 ዲግሪ መውረጃ ላይ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ባሕር ዳርቻ በደቂቃ 450 ጫማ ገደማ የምትወርዱት እዚህ 525 አካባቢ ይሆናል። ይህን ሳታነሱበት የሚነግራችሁ አስተማሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ክረምት ላይ ደመናው ጋራውን ሲሸፍን ዋጋው ይታያችኋል።

ፊርማውን ማሳደር። ከየበረራው በኋላ፣ አውሮፕላኑ ጎን ቆማችሁ አስፈርሙ። ስሙ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ምን እንዳስተማረ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። «በኋላ አብረን እንሞላዋለን» ያለው ሰው ሥራ ቀይሮ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ያንን ሰዓት የሚመሰክርላችሁ አይኖርም።