የሰውነታችንን መከላከያ የሚያሠለጥኑትን የአንጀት ባክቴሪያዎች እንዴት እንንከባከብ?

ጉንፋን ሲበረታ ወይም ወረርሽኝ ሲነሣ ብዙዎቻችን «በሽታ የመከላከል አቅሜን ከፍ የሚያደርግልኝ ምን ልውሰድ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ፌጦውም በዚሁ ስም ይወሰዳል። ጥያቄው ግን የነገሩን ግማሽ ይዘነጋል። የሰውነት መከላከያ ከኃይል ሌላ ማመዛዘንም ያስፈልገዋል፤ ኃይሉ ልጓም ሲያጣ ምንም የማይጎዳውን ምግብ ወይም ብናኝ እንደ ጠላት ያያል፤ ብሎም የገዛ አካሉን ያጠቃል። የምግብ አለርጂ፣ አስም፣ አንጀትን እያቆሰሉ ለዓመታት የሚቆዩ የብግነት (የአካል መቆጣትና ማበጥ) ሕመሞችም ከዚህ ዐይነቱ መዛባት ጋር የተያያዙ ናቸው። መከላከያችንን ማመዛዘን ከሚያስተምሩት መካከል ዋነኞቹ በአንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ፣ እነርሱን በየቤታችን እንዴት መያዝ እንደሚገባን ማወቅ ከማንኛውም «አቅም ጨማሪ» ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ስሌት መሠረት 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ የሰውየው የራሱ ሕዋሳት ደግሞ 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚገኙት በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ እነርሱን ከእኛ የሚለያቸው ግድግዳ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። በግድግዳው ላይ ዝልግልግ ፈሳሽ በሁለት ድርብ ተነጥፏል፤ በውጭኛው ድርብ ባክቴሪያዎች ሲኖሩበት ውስጠኛው ግን ከእነርሱ የጠራ ነው ለማለት ይቻላል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ብዛት ያላቸው የመከላከያ ሕዋሳት ሰፍረው፣ አይ ጂ ኤ የሚባለውን አንቲቦዲ፣ ማለትም ተሕዋስን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ሳያቋርጡ ወደ ዝልግልጉ ፈሳሽ ይልካሉ። አይ ጂ ኤ ባክቴሪያውን የግድ አይገድለውም፤ ይዞ ከግድግዳው ያርቀዋል እንጂ። ምንም ዐይነት ተሕዋስ በሌለበት ስፍራ በተወለዱና ባደጉ አይጦች ላይ እንደታየው፣ የአንጀታቸው የመከላከያ ሥጋ ሳይዳብር ይቀራል፤ አይ ጂ ኤውም ጥቂት ነው፤ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን መዳበር ይጀምራል። ስለዚህ ባክቴሪያዎች መከላከያውን ያሠለጥናሉ ስንል በምሳሌ መናገራችን አይደለም።

የሥልጠናው ዋና መሣሪያ ምግብ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ የእኛ ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሊፈጩት አይችሉም፤ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል። ከዚህ ብላት ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይገኛል። የአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ኃይላቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚሁ ቡቲሬት ሲሆን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቡቲሬት የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርዱትን፣ ቲ ሴሎች የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚያበዛ አሳይተዋል። በተቃራኒው፣ አሰር ሲጠፋ የተራቡት ባክቴሪያዎች ዝልግልጉን ፈሳሽ ራሱን መብላት ይጀምራሉ፤ ይህም በአይጦች ላይ ታይቷል። ንጣፉ ሲሳሳ ባክቴሪያዎቹ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ፤ ከሥር ያለው ኃይልም በርግጎ ይነሣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ እነርሱን ማብላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል፤ 200 ግራም የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ያህል ይሰጣል። የጾም ማዕዳችን በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ በሶውና ተልባው ሁሉ የባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። እያንዳንዱ የባክቴሪያ ወገን የሚወደው አሰር ስለሚለያይ፣ አንዱን ብቻ አብዝቶ ከመብላት ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውንና ገብሱን በየቀኑ ማፈራረቅ ይሻላል። ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበዛ ሆዱ ይነፋል፤ ይህም ባክቴሪያዎቹ ሥራ መጀመራቸውን የሚያሳይ እንጂ ምግቡ እንዳልተስማማው የሚያረጋግጥ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከግማሽ ጭልፋ አይለፍ፤ ባቄላውንና ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ በሚገባ ያብስለው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምር፤ ውኃም አብዝቶ ይጠጣ።

ከአገር ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ የሄዱትን የህሞንግና የካረን ስደተኞች ተከታትሎ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው ስብጥር በወራት ውስጥ መመናመን እንደሚጀምርና አሰር የሚያብላሉት ወገኖች እንደሚጠፉ አሳይቷል። ጥናቱ ሐበሾችን አልጨመረም፤ ነገር ግን ከጥራጥሬ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ታሸገ ምግብ የሚደረገውን ጉዞ እኛም እናውቀዋለን። የእንጀራውን ጤፍ በሩዝ ዱቄት በተካን ቁጥርም አሰሩ እንደሚቀንስ አንርሳ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። እንጀራ በእርሾ የተብላላ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጠናል ሲባል ይሰማል፤ የሊጡ ተሕዋስያን ግን ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። ሕያዋኑን ከነነፍሳቸው የምናገኘው ከእርጎ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ36 አዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እንደ እርጎ ያሉ የተብላሉ ምግቦችን ለ10 ሳምንታት ያዘወተሩት የባክቴሪያ ስብጥራቸው ሲጨምር፣ በደማቸው ውስጥ ብግነትን የሚያመለክቱ 19 ፕሮቲኖች ቀንሰዋል።

ይሁን እንጂ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መኮምጠጡ እነዚህን ጀርሞች ያጠፋቸዋል ብሎ መተማመንም አይገባም። ስለዚህ ወተቱን እስኪገነፍል አፍልቶ፣ ከድኖ፣ ንጹሕ ጣት ሲያስገቡበት ሳያቃጥል ለብ እስኪል ማቆየት ነው። ከዚያ ለአንድ ሊትር ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምሮ በቀስታ ማማሰል። ይህ እርሾ የሚሆነው እርጎ ራሱ ካልፈላ ወተት የመጣ ከሆነ ማፍላታችን ከንቱ ይሆናልና፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ስኳር ያልገባበት፣ ከፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የተሠራ የሱቅ እርጎ መጠቀም ይሻላል። ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ስፍራ ማሳደር፤ ጠዋት ረግቶ፣ ሲያዘነብሉት ከዳሩ ለቀቅ ሲል ደርሷል። ለቀጣዩ የሚሆን ሁለት ማንኪያ ሳይበላ ይቀመጥ። የመከላከያ አቅማቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት የተዳከመባቸው ሰዎች በእንክብል የሚሸጡ ሕያው ባክቴሪያዎችን ከመውሰዳቸው በፊት ግን ሐኪም ማማከር አለባቸው።

በባክቴሪያዎቹ ላይ ያለ ምክንያት ከምናደርሰው ጉዳት ትልቁ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀማችን ነው። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም፤ የአንጀቱን ነዋሪዎች ግን ያለ ፍርድ ይፈጃቸዋል። ጠንካራ አንቲባዮቲክ ለአራት ቀናት በወሰዱ ጤነኛ ወንዶች ላይ እንደታየው፣ ስብጥሩ በአብዛኛው ለመመለስ አንድ ወር ተኩል ያህል ሲፈጅበት፣ አንዳንድ ወገኖች ከስድስት ወር በኋላም አልተመለሱም። ስፍራው ሲለቀቅ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለው ክፉ ባክቴሪያ ተባዝቶ ከባድ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከጎረቤት ተርፎም ሆነ ያለ ማዘዣ ተገዝቶ አንውሰደው። የሳንባ ምች ወይም ሌላ ከባድ የባክቴሪያ ሕመም ይዞን ሐኪም ካዘዘልን ደግሞ ሳናመነታ እንደታዘዘው እንውሰደው፤ ሕይወት ያድናልና። በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሆድ በቻለው መጠን ገብሱንና ጥራጥሬውን ማዘውተር የተረፉት ባክቴሪያዎች ቀለብ እንዲያገኙ ይረዳል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ግን እርጎና ሽሮ መልስ አይሆኑም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ስለ አራስ ልጅ ነው፤ መከላከያው የሚሠለጥንበት ዋነኛ ጊዜ እርሱ ነውና። በአንዳንድ አካባቢ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ለሕፃኑም ቅቤ ይዋጥለታል። የሚደፋው ቢጫ ፈሳሽ ግን በአይ ጂ ኤ የበለጸገ ነው፤ ሕፃኑ ገና ራሱ በበቂ ሊሠራው የማይችለውን መከላከያ እናቱ ተዘጋጅታ ሰጥታዋለች። በጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ፈጽሞ ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ዐይነቶች አሉ፤ ቀለብነታቸው ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ጠቃሚ ነዋሪዎች ነው። ስለዚህ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ሐኪም ካላዘዘ በቀር ቅቤም ሆነ ውኃ አይቅመስ። ተቅማጥ ቢይዘው ጡቱ ሳይቋረጥ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ይሰጠው። ስድስት ወር ሲሞላው ጡቱን እየጠባ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ በደንብ ደቅቆ የተሠራ ለስላሳ ገንፎ፣ በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ እየቆየም አንድ አዲስ እህል እየተጨመረለት ይልመድ።