የከበደው የጠመንጃ መቀርቀሪያና ያቃለለው ዘይት

የአደን ጠመንጃዬ መቀርቀሪያ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ሄደ፤ በጎኑም የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ የዝገት ነጠብጣቦች ታዩ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት፤ ለአንድ ቀን ቢያለሰልሰውም የባሩዱን ጥላሸት ስላላሟሟው ተመልሶ ተያዘ። እርጥበት የሚያባርር ስፕሬይም ቶሎ ተንኖ ብረቱን ያለ መከላከያ አስቀረው።

በመጨረሻ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ መቀርቀሪያውን አውጥቼ፣ ከእሳት ርቄ አየር በሚገባበት ቦታ አሮጌውን ዘይት በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁት። ከዚያም የሚያጸዳ፣ የሚያለሰልስና ዝገት የሚከላከል ሲኤልፒ የሚባለውን ዘይት፣ በጠርሙሱ ላይ ሚል-ፒአርኤፍ-63460 የሚለው የአሜሪካ ጦር መስፈርት የተጻፈበትን መርጬ ጥቂት ጠብታ ቀባሁ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስወለውለው ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ዋናው ችግር ይህ ውስጥ ለውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ነበር። ሁለተኛውን ቅብ እጅግ ስስ አደረግሁት፤ መቀርቀሪያውም በአንድ ጣት ግፊት መንሸራተት ጀመረ። ከመተኮስ በፊት ግን የአፈሙዙ ውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጠረግ አለበት።