ከ30 በኋላ ካራቴ ወይ ጁዶ መጀመር ለምታስቡ

ብዙ ሰው "አሁንማ አልፎብኛል፣ የልጅ ነገር ነው" ይለኛል። እኔ ካራቴ የጀመርኩት በ37 አመቴ ነው፣ አሁን አራተኛ አመቴን ይዣለሁ፣ እና ሰውነቴ ላይ ካመጣው ለውጥ ባህሪዬ ላይ ያመጣው ስለሚበልጥብኝ መጀመር ለሚያስብ ሰው የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ለሚለው። እኛ ጋር ያው ሁሉንም ካራቴ ነው ምንለው፣ በየሰፈሩ በብዛት ምታዩት ግን ቴኳንዶ ነው፣ እሱ የኮሪያ ነው። ጥሩ ነው ግን የጃፓኑን ከፈለጋችሁ ጠይቃችሁ ግቡ። ካራቴ ኦኪናዋ ከሚባለው የጃፓን ደሴት የመጣ ነው፣ ቡጢና እግር። ጁዶ ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ላይ የመሰረተው (አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው) ይዞ መጣል ነው። አይኪዶ ደግሞ የመጣባችሁን ሰው ጉልበት አዙሮ መልሶ እሱኑ መጣል። ወገብ ወይ ጉልበት ካመማችሁ ሀኪም ሳታማክሩ ጁዶ አትግቡ። ከዛ ውጪ ስለስታይል ብዙ አትጨነቁ፣ አስተማሪው ይበልጣል፣ ቅርበቱም ይበልጣል። ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው፣ ካራቴ ምሰራው ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ማክሰኞ እና አርብ 12 ተኩል ላይ እደርሳለሁ፣ በስራ መውጫ ሰዓት ታክሲ ተሰልፋችሁ ከተማውን አቋርጣችሁ ምትሄዱበት ቦታ ከመረጣችሁ ግን ሁለተኛው ወር ላይ ትቀራላችሁ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። እኔ ማየው አንድ ነገር ነው፣ አስተማሪው ትምህርቱ በጣም የከበደውን ተማሪ እንዴት ነው የሚያናግረው? የሚያሳፍረው ከሆነ ውጡ። ሌላ ትልቅ ሰው መኖሩን እዩ፣ ወለሉን እዩ፣ ሲሚንቶ ላይ ሰው የሚጣልበት ቦታ አትግቡ። "በአመት ጥቁር ቀበቶ" የሚላችሁ ካለ እሱንም ተዉት፣ የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ ሾዳን ነው የሚባለው፣ ትርጉሙ የመጀመሪያው ደረጃ ማለት ነው፣ ገና መግቢያው እኮ ነው።

እድሜ ለሚያስጨንቃችሁ፣ የዘመናዊ ካራቴ አባት የሚባለው ፉናኮሺ ካራቴን ይዞ ከኦኪናዋ ቶኪዮ የሄደው በ1922 ነው፣ 53 አመቱ ነበር። አገሩ ላይ የተከበረ የትምህርት ቤት መምህር፣ ቶኪዮ ላይ ግን የተማሪ ማደሪያ ግቢ እየጠረገና እየጠበቀ ነው የኖረው። በእርግጥ ካራቴውን ከልጅነቱ ነው የተማረው፣ ቢሆንም መምህርነቱን ትቶ በዛ እድሜ መጥረጊያ መያዝ ሁሌም ይገርመኛል።

አሁን ብዙ ሰውን ከበር የሚመልሰው ነገር፣ ማጎንበሱ። "ስግደት ነው እንዴ?" የሚለኝ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም አለ፣ እኔንም የመጀመሪያ ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። በጃፓንኛ ሬይ ይሉታል፣ ኋላ ላይ ሳስበው አያቶቻችን እጅ መንሳት የሚሉት ነው፣ ሰውን ማክበር ነው፣ አንተ ባትኖር እኔ አልማርም ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የመስራቹ ፎቶ ካለና ለሱ ማጎንበስ ካልፈለጋችሁ ክላስ ሳይጀመር ለአስተማሪው በግልጽ ንገሩት፣ ጥሩ አስተማሪ ይረዳል። ጁዶ ኦሊምፒክ የገባው አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባመጣበት በ1964ቱ ቶኪዮ ላይ ነው፣ እዛ ጊሲንክ የሚባል ሆላንዳዊ ጃፓኑን ካሚናጋን በገዛ አገሩ ህዝብ ፊት አሸነፈው፣ የጊሲንክ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እሱ እጁን አንስቶ አስቆማቸው፣ ከዛ ለካሚናጋ እጅ ነሳ። እኔ ማጎንበስ የገባኝ ይሄን ካወኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መውደቅ። ጁዶና አይኪዶ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ የኛም አስተማሪ አርብ አርብ ያሰራናል። ትልቅ ሰው መውደቅ ይፈራል፣ ስለዚህ ከቆማችሁበት አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ወደ ኋላ ተንከባለሉ፣ ከዛ ቁጢጥ ብላችሁ፣ ቆማችሁ የምትሞክሩት ከሳምንታት በኋላ ነው። አገጫችሁን ወደ ደረት ሳቡ፣ ትንፋሽ አውጡ፣ በመዳፍ ለመደገፍ አትሞክሩ አንጓችሁ ይሰበራል፣ መዳፉን ከነክንዱ ከጎናችሁ ትንሽ አራርቃችሁ ወለሉን ምቱት። አምና ነሐሴ ላይ በዝናብ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ እግሬ ከዳኝ፣ ሳላስበው አገጬ ደረቴ ላይ ነበር፣ ልብሴ ጨቀየ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ከሁሉም የከበደኝን ልንገራችሁ። አብሮን የሚሰራ ቡናማ ቀበቶ ልጅ አለ፣ 20 አመቱ ነው። እዛ ቤት እሱ ቀዳሚዬ ነው፣ "ጋሼ ወገብዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ጋሼ ትከሻዎ ተነሳ" ይለኛል፣ ትክክልም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴ ይቀላ ነበር፣ መልስ ለመስጠት አፌ ይከፈትና እዘጋዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ሰው ተሳስተሃል ሲለኝ ሶስት ቀን የማኮርፍ ሰው ነበርኩ። አሁን አዲስ የተቀጠረች ልጅ "ይሄ ሂሳብ አልገጠመም" ስትለኝ እስቲ አሳዪኝ ማለት ችያለሁ፣ ባለቤቴም ይሄን ሳልነግራት አስተውላለች። የምመክራችሁ፣ ሲያርሟችሁ ምክንያት አትደርድሩ፣ "እሺ" በሉና ደግማችሁ ሞክሩ፣ ጥያቄ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ።

ካታ ይሰለቻል ይላሉ። ካታ የተደረደረ እንቅስቃሴ ነው፣ ሾቶካን የሚባለው ስታይል ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው ሄያን ሾዳን (ሾዳኑ እዚህ ላይ ቀበቶው ሳይሆን "የመጀመሪያው" ማለት ነው) 21 እንቅስቃሴ ነው፣ እኔ እሱ ላይ ሰባት ወር ቆይቻለሁ። የኔታ ጋር ፊደል የቆጠረ ሰው ይገባዋል፣ ያልያዛችሁትን አያሳልፏችሁም፣ ድገም ነው፣ ድገም። ቤት ውስጥ በየቀኑ አስር ደቂቃ በቂ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በካልሲ፣ ሳትዘሉ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ ሙሉ ሆድ ይዞ መስራት አይቻልም፣ ባዶ ሆድም ያዞራል። ተንበርክኮ መቀመጡ ጉልበት ካመማችሁ ተናገሩና እግራችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ።

ልብሱን ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ለመጀመሪያው ወር ቱታና ካናቴራ ይበቃል። የእጅም የእግርም ጥፍር ቁረጡ፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ይቅር፣ የአንገት መስቀል ካላችሁ አውልቃችሁ ኪስ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። አስር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቁሙና ከፊት ያለው ሰው የሚያደርገውን አድርጉ።